ብይዋ ስትወድቅ ማርክ አትቀንሱ

ተማሪዎች የሠሯቸውን ሞዴል ሮለር ኮስተሮች (በመዝናኛ ቦታ ሰው አሳፍረው ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጡ ሰረገላዎች) እንድዳኝ አንዴ ተጠርቼ ነበር። ተሳፋሪዋ ብይ ናት። ሐዲዱ ከካርቶን ወይም ለሁለት ከተሰነጠቀ ቱቦ ይሠራል። ሁለት ጠረጴዛዎች እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጡም።

የመጀመሪያው ያምራል። ቀለም ተቀብቷል፣ አብረቅራቂ ተነስንሶበታል፣ ባንዲራ ሁሉ አለው። ብይዋ ከላይ ተለቀቀች፣ ሁለት ጉብታ ወጥታ ወረደች፣ ኩባያ ውስጥ ገባች። ተጨበጨበ። "ሁለተኛው ጉብታ ለምን ከመጀመሪያው አነሰ?" አልኳቸው። ልጆቹ ተያዩ። "እንደዛ ሲሆን ያምራል ብለን ነው።"

ሁለተኛው ፕላስተር በፕላስተር የሆነ ነገር ነው። መሃሉ ላይ ክብ ቀለበት አለው። ብይዋ ሽቅብ ትወጣና አናቱ ጋ ስትደርስ ጠብ ትላለች። ልጆቹ ግን ደብተር ይዘዋል። የቀለበቱ ሬዲየስ (ከመሃሉ እስከ ጠርዙ) 10 ሴንቲሜትር ነው፤ በሂሳባቸው ከ25 ሴንቲሜትር ከፍታ ብትለቀቅ ማለፍ ነበረባት። አላለፈችም። 27 አደረጉት፣ ወደቀች። 29፣ አሁንም ወደቀች። 31 ላይ አለፈች። የሚቆጠሩት ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቡድን አሸነፈ። የማርክ ወረቀቱ "ሳትወድቅ ጨርሳለች?" ይላል፤ "ውበት" የሚል ረድፍም አለው። እኔም እንደታዘዝኩት ሞላሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አናቱ ላይ የመሬት ስበት ብይዋን ወደ ታች ይጎትታታል። በቂ ፍጥነት ካላት ስበቱ መንገዷን ከማጠፍ ያለፈ አያደርጋትም፤ ከሐዲዱ ጋር አብራ ትታጠፋለች። ፍጥነቷ ካነሰ ግን መንገዷ ከሐዲዱ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ለቅቃው ትወርዳለች። ይህን ፍጥነት ለማግኘት መነሻዋ ከቀለበቱ አናት በላይ የሬዲየሱን ግማሽ ያህል ከፍ ማለት አለበት። አናቱ ራሱ ሁለት ሬዲየስ ነው። ሲደመር ሁለት ተኩል፤ ለ10 ሴንቲሜትር ቀለበት 25። ክብደቷ ከሂሳቡ ውስጥ ተጣፍቶ ይወጣል። ስለዚህ በየክፍሉ የማይጠፋው "ከባድ ብይ እናምጣ" የሚል ሐሳብ ብዙም አያዋጣም።

ልጆቹ ስሌቱን አልሳቱም። የሳቱት ብይዋን ነው። ይህ ስሌት ያለ ሰበቃ ለሚንሸራተት ነገር ነው። ብይ ትንከባለላለች። ስትንከባለል ከከፍታው ያገኘችውን ጉልበት ሰባት ቦታ ብንከፍለው፣ ሁለቱ እጅ እዚያው ራሷን ሲያሽከረክራት ያልቃል፤ ለሩጫ የሚቀራት አምስቱ ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ ብትንሸራተት ታች ስትደርስ ፍጥነቷ በሰከንድ 4.4 ሜትር ገደማ ይሆን ነበር፤ ስትንከባለል ግን 3.7 ገደማ ነው። በስልክ ቪዲዮ የሚለካ ልዩነት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከፍታ ሁለት ተኩል ሳይሆን 2.7 ሬዲየስ ይሆናል፤ 27 ሴንቲሜትር። ሐዲዱ ጠባብ ሆኖ ብይዋ በሁለቱ ጠርዞች ላይ ከተቀመጠች ደግሞ ለዚያው ርቀት የበለጠ ትሽከረከራለች፣ የበለጠም ከፍታ ትጠይቃለች። የቀረውን ሰበቃና የሚወዛወዝ ካርቶን ይበሉታል። ያቺ ከ25 እስከ 31 ያለችው 6 ሴንቲሜትር ናት ፊዚክሱን ሁሉ የያዘችው። እኛ ዜሮ የሰጠነው ለእሷ ነው።

ጋሊሊዮም የሠራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኳስ ዘቅዘቅ ባለ ቦይ ላይ ይለቃል፣ ከቀጭን ቱቦ የሚፈሰውን ውሃ እየመዘነ ጊዜ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ሙከራውን መቶ ጊዜ እንደደጋገመው ጽፏል። በሦስት ሙከራ ብንዳኘው ኖሮ ምን ማርክ ያገኝ እንደነበር እንጃ።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ብይዋ ከመለቀቋ በፊት ቡድኑ ቁጥር ይጻፍ፤ ከዚህ ከፍታ ታልፋለች፣ ከዚህ አታልፍም። ከዚያ አሥር ጊዜ ትለቀቅ። ትልቁ ማርክ በግምቱና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ይሁን። የውበቱን ረድፍ ሰርዙት።

መምህራን ጊዜ የለንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ ለእያንዳንዱ ቡድን አሥር ሙከራ ማየት ከባድ ነው። ግን አንድ ቱቦና አንድ ቀለበት ለመላው ክፍል ይበቃል፤ ቤት ተወስዶ ሳምንት ሙሉ የሚቀባው ማማ ነው ጊዜ የሚበላው። "የማይሠራ ነገር እንዴት ይሸለማል?" የሚልም ይኖራል። ሰው የሚሳፈርበት ቢሆን እኔም ቀድሜ እቃወም ነበር።

ደግሞ ሰው የሚሳፈርበትም ቢሆን ገና ሲጀመር እንዲህ አልተስተካከለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የተከፈተው ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ ሮለር ኮስተር ቀለበቱ ክብ ነበር፤ የተሳፋሪ አንገት ያሳምማል እየተባለ ይወራ ነበር። ክብ ቀለበት አናቱን ለጥቂት ብቻ ለሚያልፍ ሰረገላ እንኳ ታች መግቢያው ላይ ተሳፋሪውን በክብደቱ ስድስት እጥፍ ይጫነዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ የተከፈተው ሬቮሉሽን የተባለ ሮለር ኮስተር ግን ቀለበቱ የተገለበጠ የውሃ ጠብታ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ ኩርባው ታች ሰፋ፣ ወደ አናቱ ጠበብ ይላል፤ ታች ያለው ጫና የሚቀንሰው በዚህ ነው። ኢንጂነሩ ቨርነር ስቴንግል ነበር።

ያን ቀን ማርክ ከተነበበ በኋላ ሁለተኛው ቡድን ከጠረጴዛው አልተነሳም። አንዷ ቀለበቱን ከሁለት ጎን በጣቶቿ ጨምቃ ይዛዋለች። "ክብ ባይሆንስ?" አለች። ጓደኛዋ ፕላስተር ይቆርጥ ጀመር። እኔ ወረቀቴን አስረክቤ ነበር።