ብረቱን ለቆራሌው የሸጣችሁ

የድሬ ሰው ስማኝ፣ ዛሬ አላሞግስህም። የፍቅር ከተማ ምናምን የሚለውን ለበዓል እናቆየው።

ከተማችንን የሚያቋርጠው ደረቁ ወንዝ ደቻቱ ወደ ዴንጌጎ ተራራ በኩል ከፍ ሲል አንድ ፕሮጀክት በእርዳታ ብር ሥራ ጀምሮ ነበር። ተዳፋቱ ላይ እርከን ተሰራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ቦረቦሩ በጋቢዮን፣ ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሳጥን፣ ታሰረ፣ ከዛ ቁጥር የተጻፈበት የጎርፍ መለኪያ ብረት ቆመ፣ አጠገቡ ደሞ የዝናብ መለኪያ። የሰፈሩ ልጅ ጠዋት ጠዋት እያነበበ ደብተር ላይ ይጽፋል። ክረምት ሳይገባ ብረቱ ተነቀለ። የጋቢዮኑ ሽቦ ተቆርጦ ድንጋዩ ተዘረገፈ። ማን እንደወሰደው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ሽቦው የማን አጥር እንደሆነ በየቀኑ እያየነው ነው የምናልፈው፣ ብረቱ ለቆራሌው በስንት እንደሄደ በርጫ ላይ እየተሳቀ ይወራል። ልጁ ቢናገር አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ "ተወው ልጄ፣ የኤንጂኦ ነው፣ ሌላ ያመጣሉ" አሉት። አላመጡም። ለጋሹ የልኬት ሪፖርት ጠየቀ፣ ደብተሩ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ የሁለተኛው ዙር ብር ቀረ። ይሄን ይቅር ማለት አቃተኝ።

የኤንጂኦ! በ1998 ክረምት ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ የወሰደው የኤንጂኦ ሰው ነው? ከ200 በላይ የኛው ሰው ነው ያለቀው፣ ብዙው በእንቅልፉ። ያቺን ሌሊት ሳስብ ንዴቱም ይጠፋብኛል። ጎርፉ እኮ የሚወለደው ላይ ነው፣ እዚህ ከዚራ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው፣ ዛፍ ያልያዘው ውሃ፣ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ይመጣል። መለኪያው ውሃው ሲነሳ ታች ያለው ቶሎ እንዲሰማ ነበር፣ ደሞም እርከኑና ችግኙ በርግጥ ጎርፉን ቀንሶት እንደሆነ ዓመት ከዓመት ለማየት። ቁጥር ከሌለ የሚቀረው ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሳት ነው፣ እሱን ደሞ እናውቅበታለን።

ፕሮጀክቶቹም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም፣ በአበልና በሆቴል አዳራሽ የሚያልቀውን ብር አይተናል። ግን ይሄኛው መሬት ላይ የደረሰ ነበር አቦ! ቀማኛው እኛ፣ አይተን ዝም ያልነውም እኛ።

ደክሞኛል፣ ግን የሀረማያ ሐይቅም አልቆለታል ተብሎ፣ ሐረርን ውሃ አስጠምቶ፣ መልሶ ውሃ ይዟል። ሽቦውን ያጠራችሁበት ፍቱና በሌሊት ቦታው ላይ ጣሉት፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ብየዳ የሚችል ጎረቤት አለን፣ ቁጥሩን የሚጽፍም አይጠፋም፣ ልጁም ደብተሩን አልጣለም።