የመጀመሪያዋ ሳንቲም

እዚህ እንግሊዝ አገር ጥንታዊ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያዋን አይሸጧትም። የቱንም ያህል ወርቅና ብር ቢያከማቹ እሷ ቦታዋን አትለቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሁሉም የረከሰችው እሷ ናት። ያረጀች፣ ጽሑፏ የደበዘዘ፣ በጥቂት ፓውንድ የተገዛች የሮማ ነሐስ።

አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ ስብስባቸውን ሊያሳዩኝ ሲቀመጡ መጀመሪያ ያወጡት በልጅነታቸው የገዟትን ነው። የቆስጠንጢኖስ ዘመን ናት። በአንደኛው ገጿ የንጉሡ ራስ፣ በሌላው ሰንደቅ በመሃላቸው ተተክሎ የቆሙ ሁለት ወታደሮች አሉ። በ330ዎቹ እ.ኤ.አ. በገፍ ስለተሠራ ዛሬም ይህ ዓይነቱ ርካሽ ነው። ሰውየው ግን ጫፍና ጫፏን ነው የሚይዟት። ከሥሯ ከማን፣ መቼና በስንት እንደተገዛች የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አለች። ወረቀቷንም ከሳንቲሟ እኩል ይወዷታል።

እኔን የያዘኝ ዘመኑ ነው። በዚያው ዘመን አክሱም ላይ ኢዛና ነበር። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ልኳል። አክሱምም በዚያን ጊዜ የራሷን ገንዘብ መምታት ከጀመረች ቆይታለች። ከንጉሥ እንዱቢስ አንሥቶ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ መትታለች። በወርቁ ላይ ንጉሡን ግራና ቀኝ የእህል ዛላ ያቅፈዋል። ከብሩና ከነሐሱ አንዳንዱን ደግሞ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ በስሱ ወርቅ ለብጠውታል። እስቲ አስቡት፣ ለገበያ የሚወጣ ድቃቂ ሳንቲም ላይ! ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከሳንቲሙ ላይ የቀድሞው እምነት የጨረቃ ምልክት ወጥቶ መስቀል ገባ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካሳተሙ የዓለም ነገሥታት ከቀዳሚዎቹ አንዱ እሱ ነው።

ታዲያ የእንግሊዙ ልጅ በኪስ ገንዘቡ የሮማን ሳንቲም ገዝቶ ዕድሜ ልኩን ይወዳታል። የአክሱሙ ልጅ ደግሞ ዝናብ አፈሩን ካጠበው በኋላ ከአባቱ ማሳ ላይ የአክሱም ሳንቲም ያነሣል። ከዚያ ለቱሪስት ይሸጣታል። የት እንደተገኘች የሚጽፍ የለም። ልጁም ምን ይዞ እንደነበር የሚነግረው የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ልክ ነው፣ ከዚህ ወዲያ መዘረፍ አይገባንም። እንግሊዞችም ውድ ግኝትን ማሳወቅን ግዴታ ያደረገ የ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ አላቸው። የሚያስቀናኝ ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራው ግኝት የዘረጉት የፈቃደኝነት ምዝገባ ነው። ባለሙያው ሳንቲሟን ይመዝናል፣ ፎቶ ያነሣል፣ የተገኘችበትን መስክ ይጽፋል፣ ከዚያ ለአግኚው ይመልስለታል። እስካሁን ከሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቧል። አግኚው እንደ ሌባ አይታይም፤ ይመሰገናል። ሳንቲሙ ይመለስለት አልልም፣ የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። ምስጋናውና ምዝገባው ግን ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ገንዘብን በፍቅር መያዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። 1780 የተጻፈበትን ጠገራ ብር ያላየ ማን አለ? አያቶቻችን አንገታቸው ላይ አስረውታል፣ አቅልጠው መስቀልና አምባር አሠርተውበታል። የማን እንደነበረ፣ ለማን እንደተላለፈ ቤተሰቡ ያውቃል። የጡረተኛው ወረቀት የሚሠራውን ሥራ እኛ ቤት የእናት አፍ ይሠራዋል። የአክሱሟ ነሐስ ግን ከመሬት ስትወጣ የሚተርክላት እናት የላትም።

እዚህ ጨረታ ላይ የአክሱም ሳንቲም አይጠፋም። ሁሉም ከእኛ ተሰርቆ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ወርቁ አብዛኛው የተገኘው የመን ነው። ትንንሾቹ ነሐሶች ግን በአብዛኛው የአገር ቤት ገበያ ገንዘብ ነበሩ። ሻጩን «ከየት ተገኘች?» ስለው «ከድሮ ስብስብ» ይለኛል። በዚህ መልስ አልገዛም። የመጀመሪያ ሳንቲሜ ከየትኛው ማሳ እንደወጣች የሚታወቅ፣ ያገኛት ልጅ ስም አብሯት የተጻፈ እንድትሆን እፈልጋለሁ። አክሱም ሙዚየም ውስጥ ሆና ሄጄ የማያት ብትሆንም ይበቃኛል።