ይድረስ ለደብረ ብርሃን ብርድ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» እንዳልል መቼ ተለያየንና ትናፍቀኛለህ! ትናንት ማታም ካልሲዬ ውስጥ ነበርክ።

በቅድሚያ አንቱ አለማለቴን እንደ ድፍረት እንዳታይብኝ። በዕድሜ ከተማዋን ትበልጣለህ፤ አውቃለሁ። ግን ሳይጠራ ቡልኮ ገልጦ አልጋ ውስጥ የሚገባን አንቱ ማለት ይከብደኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ከጋቢ በወጣች አንዲት እጅ ነው። ሌላዋ ብብቴ ውስጥ ሆና ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ዝናህን አልክድም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም ተከሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጠውባታል። ከተማዋም በብርሃኑ ተጠራች። አንተ ግን ተረሳህ። ቂምህ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ያኔ ደብረ ብርድ ብለዋት ቢሆን ኖሮ ትንሽ ትለሳለስ ነበር ይሆናል። አሁን ግን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ቁጭ ብለህ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዜሮ በታች እየወረድክ፣ ሣሩን በውርጭ ነጭ አድርገህ ታሳድራለህ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ያደረ አይመስለኝም። እዚህ አንድ አጥንት ምን ያደርጋል? ሙሉ በግ ነው፤ ያውም ከነፀጉሩ።

ወደ ክሴ ልግባ።

ከመስከረም ጀምሮ አንድ የፒያኖ ሥራ እያጠናሁ ነው። የጻፈው ጂዮርጂ ሊጌቲ ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1923 ትራንስልቫኒያ የተወለደ ሃንጋሪያዊ ነው። በ1956 ከሃንጋሪ ሸሽቶ ወጣ፤ በ2006 ቪየና ውስጥ አረፈ። ለፒያኖ 18 ኤትዩዶች ጽፏል። ኤትዩድ ማለት ለጣት ማለማመጃ ተብሎ የሚጻፍ፣ ኋላ ግን ጣት የሚሰብር ሥራ ነው። ሰውዬው ራሱ ደህና ፒያኖ ተጫዋች አልነበረም። እንዲያውም ለእነዚህ ሥራዎች መነሻ የሆነኝ የገዛ ችሎታዬ ማነስ ነው ብሏል። የራሱን ጉድለት በወረቀት አድርጎ እኛ ላይ ጣለው ማለት ነው። ከሰሃራ በታች ካሉ አፍሪካውያን ምት ብዙ እንደተማረም ተናግሯል። እነሆ እኔ መልሼ ወደ አፍሪካ አመጣሁት። አፍሪካ ግን፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር በኩል፣ አላወቀችውም።

የያዝኩት ሦስተኛውን ነው፤ በ1985 የተጻፈውን። በፈረንሳይኛ «ቱሽ ብሎኬ» ይባላል። የታገዱ ቁልፎች እንደማለት ነው።

እጅ የለህም እንጂ ቢኖርህ እንዲህ ታደርግ ነበር። አንደኛው እጅህ የተወሰኑ ቁልፎችን ድምፅ ሳያሰማ፣ ቀስ ብሎ ተጭኖ ይይዛል። ሌላው እጅ በዚያው ሰፈር ላይ ይሮጣል፤ በነጻዎቹም በተያዙትም ላይ። ነጻዎቹ ይጮሃሉ። የተያዙት ግን ቀድሞውኑ ወርደዋልና መዶሻቸው አውታሩን አይመታም፤ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ጣት የሚሮጠው ሳያቋርጥ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ሲንተባተብ ነው። እየተቆራረጠ፣ እየተደናቀፈ፣ ባልጠበቁት ቦታ ብድግ እያለ።

የሚያበሳጨው ደግሞ ዝም የሚለው ኖታ ከሚጮኸው እኩል ጣት መጠየቁ ነው። ወረቀቱ ላይ አነስ ተደርጎ ታትሟል፤ ሥራው ግን አላነሰም። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ዕድል የማይሰጠው ሰው ታውቃለህ? እሱን ነው። ክንዱ ዝሏል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ስሙ የለም። እኔ በየጠዋቱ እየተነሳሁ የምለፋው ለዚያ ሰው ነው። ፍጥነቱ ደግሞ እጅግ በጣም ፈጣን ተብሎ ታዟል። ሥራው በሙሉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የሚችል ሰው አቦል እስኪወርድ አሥር ጊዜ ይጫወተዋል። እኔ አራት ወር ሙሉ ገጽ ሁለት ላይ ነኝ።

አንተ የምትገባው እዚህ ላይ ነው።

የምለማመደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ቤቴ ባለች ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። ሌላ ሰዓት የለኝም። ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ማታ መብራት ይሄዳል። (ለመብራት ሌላ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ መሃል ላይ ጠፋ።) ጣት ሲቀዘቅዝ ደሙ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ነርቩም መልእክቱን የሚያደርሰው እያዘገመ ነው። የቀለበት ጣቴን «ተነስ» እለዋለሁ። የሚነሳው ትንሿ ጣቴ ሥራዋን ጨርሳ ከሄደች በኋላ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ጓንት ገዝቼ ጫፍ ጫፉን ቆረጥኩ። እጄ ሞቀ፤ ጣቶቼ ግን እርስ በርስ እየተያያዙ አንድ ቁልፍ ስነካ ሦስት ይወርዳል። ከሰል አቀጣጥዬ በር ልዘጋ ስል አከራዬ ተቆጡኝ። ልክ ናቸው፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ በዚህ ቀልድ የለም። ከዚያ የተቀቀለ ድንች በሁለቱም የኮት ኪሴ ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ይሠራል። ለሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ ይርብሃል፤ ድንቹን ትበላዋለህ፤ ቁልፎቹም ጨው ጨው ይላሉ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ አንድ መለኪያ የአገራችንን አረቄ መከረኝ። ጠዋት በ12 ሰዓት! ያን ቀን ተሳካልኝ። ያለ ምንም ስህተት ከዳር እስከ ዳር ዘለቅኩት። በስልኬ ቀድቼው ነበርና ከሰዓት በኋላ አዳመጥኩት። ወዲያው አጠፋሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስሙን ወደማልጠራው አንድ አዳራሽ እሄዳለሁ። እዚያ አንድ አሮጌ ፒያኖ አለ። የእሱስ ጠላት አንተ ብቻ አይደለህም፤ ዘመድህ የክረምቱ ጭጋግም አለበት። ነሐሴ ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ቁልፍ ይጣበቃል። በጋ ሲመጣ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ቅኝቱ ይወርዳል። የሚቃኘው ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከመጣ። ክረምት ላይ የተኙ ሁለት ቁልፎች እስካሁን አልተነሱም። እንግዲህ አስበው። ሊጌቲ ያገዳቸው ቁልፎች አሉ፤ ጭጋጉ ያገዳቸው አሉ፤ እኔ በድንዛዜ ስቼ ያለፍኳቸው አሉ። ሦስቱም ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። የትኛው የማን እንደሆነ እኔም መለየት ትቻለሁ።

አከራዬም ግራ ተጋብተዋል። ባለፈው በር አንኳኩተው ገቡ።

«ልጄ፣ ያ ዕቃህ ተበላሸ እንዴ? ግማሹ አይጮህም እኮ።»

«አይ እትዬ፣ የተጻፈው እንዲህ ሆኖ ነው።»

«ማነው የጻፈው?»

«አንድ የሃንጋሪ ሰው።»

«እዚያ አገር ብርድ አለ?»

«አለ እትዬ። በረዶም ይጥላል።»

«እሱ ነዋ ታዲያ!» ብለው ትኩስ በሶ ሊያመጡልኝ ሄዱ። ብዙ ማብራሪያ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ ያሳመነኝ የለም።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ምነው የእማሆይ ፅጌማርያምን ብትጫወትልን?» ይለኛል። የሚገርመው እማሆይም በዚያው በ1923 ነው የተወለዱት። ሁለት ሰው በአንድ ዓመት ይወለዳል፤ አንዷ ፒያኖ ስትነካ ጎረቤት ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ የሌላው ሲነካ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ባልደረባዬ ልክ ነው። ግን እልህ የሚባል ነገር አለ። ሸዌ ነኝ፤ ልቤን እየበላኝም ቢሆን ፈገግ ብዬ እቀጥላለሁ።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ጥፋተኛው አንተ እንደሆንክ አልተጠራጠርኩም ነበር። እንዲያውም ላረጋግጥብህ ፈለግኩ። ለገና ሰሞን ኪቦርዴን በባና ጠቅልዬ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩና ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ረዳቱ ገመዱን ሲያጠብቅ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ሽቅብ አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ነፍስ ይማር። ምንህ ነው ልጄ?»

«ኪቦርድ ነው እማማ።»

«እኔን! ፈረንጅ ነበር?»

መኪናው ተነሳና ማስረዳቱን ተውኩት። መንገዱን ታውቀዋለህ። ጣርማ በር ላይ ጣልያን የሠራው ዋሻ አለ። እስከዚያ ድረስ አብረኸኝ ነበርክ፤ ያውም ጉም ለብሰህ። ከዋሻው ስንወጣ ገደሉ ተከፈተ። ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፈን ወረድን፣ ወረድን። መጀመሪያ ጓንቱን አወለቅኩ፤ ቀጥሎ ሹራቡን። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሰው ካንተ እጅ አምልጦ በሸሚዝ ይቀራል። እማማ ሲወርዱ «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ቤት በረንዳ ላይ፣ ማንጎ ሥር ዘረጋሁት። ጣቶቼ እንደ ቅቤ ለስልሰዋል። የቀለበት ጣቴ ሳልጠራው ይነሳል። ገጽ አንድን እንደ ውሃ ጠጣሁት፤ ዝም የሚሉት ዝም አሉ፣ የሚጮሁት ጮሁ። በልቤ «አገኘሁህ!» አልኩህ። ከዚያ ገጽ ሁለት መጣ። እገዳው ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው የሚዛወርባት ቦታ አለች። እዚያች ላይ ተሰናከልኩ። ደገምኩት፤ ተሰናከልኩ። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከርኩ መሰለኝ። ያቺው ቦታ፣ ያው ጣት። የቤቱ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ነው፣ አጠገቤ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና፦

«አጎቴ፣ አሁንም እዚያችው ጋ ተሳሳትክ» አለኝ።

«ብርዱ ነው» አልኩት፣ ከልማድ።

ልጁ ላቡን እየጠረገ አየኝ።

ስለዚህ ከላይ ክስ ያልኩትን እንደ ልመና ቁጠርልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለአከራዬ ብርዱ ነው ብያለሁ። ለባልደረቦቼም ብያለሁ። አዲስ አበባ ያሉት የድሮ አስተማሪዬ በስልክ ሲጠይቁኝ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ መልሻለሁ፤ የመጨረሻውን ጊዜ እንኳ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። ለፋሲካ ማግስት በዚያ አዳራሽ እጫወትላችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ፋሲካ ሚያዝያ ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ አንተ ትለሳለሳለህ፤ ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል፤ እኔ ብቻዬን ከገጽ ሁለት ጋር እቀራለሁ።

እባክህ ዘንድሮ ቆይልኝ። ሙሉውን ወር አልልህም፤ ያቺን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ። መሐል ሜዳና ጓሳ ያሉ ዘመዶችህንም ብትጠራ ቅር አይለኝም። አዳራሹ መስኮቱ የተሰበረ ነው፤ እንደ ቤትህ ግባ። ስለ ሸዋ ሮቢቱ ነገር አንተ እዚያ አልነበርክምና ምስክር አትሆንም። ለልጁ ከረሜላ ገዝቼለታለሁ።

ብብቴ ያለችው እጅ ተራዋ ደርሷል። ላቁም።

የማይለይህ፣
ከገጽ ሁለት

ግልባጭ፦
ለማንም። በተለይ ለአከራዬ።