ለልጅ የተቦካው

እንግዳ ሆኖ የሕፃን ምግብ መቅመስ በየትኛው ሕግ እንደ ተፈቀደ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ባለውለታዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ለ1 ዓመት ከ6 ወር ልጄ 12 ማፊን ጋግሬ፣ 6ቱን በሙዝ፣ 6ቱን በካሮትና በቆስጣ፣ እንዲቀዘቅዙ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ነበር። የታችኛው ፎቅ እትዬ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ መጡና ገና ሳይቀመጡ አንዷን አነሡ። «እስቲ ልቅመሳት፤ ይቺ ደግሞ ምን የምትባል ኬክ ናት?» ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ስኳር ረስተሃል፣ ልጄ።» ከዚያም ፍርዳቸውን ለማጽናት ይመስላል፣ ከወዲያኛው ረድፍ አንድ ጨመሩ። «ይቺኛዋ ደግሞ ጨው የላትም።» 10 ቀረ።

አልረሳሁም። የጣፋጯ ጣዕም የሚመጣው ልጣጩ እስኪጠቁር ከበሰለ ሙዝ ነው። ሦስቱን አድቅቄ፣ 2 እንቁላል መትቼ፣ እርጎ ጨምሬ፣ የአጃና የጤፍ ዱቄት እኩል አድርጌ፣ ቀረፋ ነስንሼባታለሁ። ለሌላዋ ካሮቱን ፈቅፍቄ፣ ቆስጣውን አድቅቄ ከትፌ፣ አይብ አክያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ፣ ስኳርና ጨው የበዛበት ምግብ እንዳይሰጣቸው ይመክራል። ይህን ለእትዬ በትሕትና ባስረዳቸው፣ «እኛስ በምን አደግን?» አሉኝ። በምን እንዳደጉ ራሳቸው አጫውተውኛል፤ በእናታቸው ቤት ስኳር ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ ነበር፣ ቁልፉም ከእናታቸው መቀነት አይለይም ነበር። ስኳሩን የቀመሱት ሳጥኑ ክፍት ተረስቶ ባደረ ዕለት ብቻ መሆኑን እየሳቁ የነገሩኝን ሰው በስኳር አድገዋል ብዬ እንዴት ልመን?

ነገሩ በቅምሻ ቢያበቃ ባልከፋኝ። ልጄን እቅፍ አድርገው «ምነው ከሳችብኝ?» አሉና ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው፣ ወረቀቱን በጥርሳቸው ፈትተው፣ እኔ እያየሁ አፏ ውስጥ ከተቱ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ክብ ደረቅ ከረሜላ በዚህ ዕድሜ ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር ነው። ጣቴን ሰድጄ ባወጣሁት ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች፤ እትዬ ተቀየሙ፤ ጨካኝ አባት ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ያለ ፈቃድ እየከተቱ ፍቅር ነው ማለት፣ ፍቅር ቢሆንም፣ ድፍረት ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። በልጅነቴ ሥራዬን ለማናናቅ ሲተረትብኝ ስለ ኖረ ልጠላው ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በዱቄት የተነካካ ሰው ሁሉ ውበቱ ይገባዋል። ይሁንና ጎድሎታል። ልጅ ያቦካው ለእራት የማይበቃ ከሆነ፣ ለልጅ የተቦካው ለስንት ጎልማሳ መክሰስ እንዲበቃ ነው የሚጠበቀው? በቤታችን እንጀራው የባለቤቱ ነው፤ ወጡ የእንግዳው ነው፤ ባለቤት የሌለው ምግብ የሕፃኑ ብቻ ነው።

ቂሜ አሮጌ ነው። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ስለ ነበረች፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር እጅ አስታጣቢው እኔ ነበርሁ። ድፎ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር ሽታው ከዋዜማው ጀምሮ አያስተኛኝም ነበር። በማግሥቱ ማሰሮና ሳፋ ይዤ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ስዞር፣ ዳቦው በዓይኔ ፊት እያነሰ ሄዶ፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ አንድ ሽማግሌ «ለበረከት» ብለው በመሐረባቸው ቋጠሯት። እኔ የደረሰኝ ያረረው ኮባ ነበር። ያኔ አዋቂ ይቀድማል ተባለ፣ እሺ አልሁ። አሁን አዋቂ ሆኜ ልጄን ላስቀድም ስል፣ ዛሬም የሚቀድሙት የዚያኑ ጊዜ አዋቂዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጓደኛቸውን አስከትለው መጡ። ስለ በሉት አላነሣም፤ ማፊኖቼን «ቂጣ» ማለታቸውን ግን መልስ ሳልሰጥበት አላልፍም። መሐላቸው ሰርጎ እንደ ነበር አልክድም። የአሠራር መመሪያውን የጻፈችው ሴት የምትጋግረው ባሕር ጠርዝ ላይ ነው፤ እኔ የምጋግረው ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ነው። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝም ከልክ በላይ ያብጣል። ሊጡ ውስጡ ሳይጠና ይኮፈስና ተመልሶ ይወድቃል፤ ጤፍ ደግሞ እንደ ስንዴ ደግፎ የሚይዝ ግሉተን የለውም። መድኃኒቱ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ቀንሶ እሳቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ለአጎቴ ስተነትንላቸው ስድስተኛዋን እያነሡ ነበር። «ታዲያ እናቷ የት ሄዳ ነው አንተ የምትጋግረው?» አሉኝ። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች።

ይህም ቢሆን በነሐሴ ከደረሰብኝ ይሻላል። ያን ጊዜ በፍልሰታ አንዲት ዘመዳችን መጥተው፣ እንቁላል እንዳለበት ስነግራቸው እጃቸውን ሰብስበው፣ «ለልጅቷ የጾሙን ብትሠራላት ኖሮ እኮ እኔም እቀምስ ነበር» ብለው ወቀሱኝ።

ከተነሣሁበት ብዙ ራቅሁ፤ በአጭሩ ልጨርሰው። ማታ የቀረችው አንዲት የሙዝ ማፊን ነበረች። ልጄን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ከሰጠኋት በኋላ፣ እትዬ ነጠላቸውን ረስተው ኖሮ ተመለሱ። ቂማቸው አልበረደም፣ እኔን አልፈው ልጅቷን ብቻ ሳሙ። ልጄ ግማሿን በልታ፣ የቀረችውን ግማሽ በጭቅቅት እጇ ጨምቃ ወደ እሳቸው አፍ ዘረጋች። ጎረሱ።

«እሰይ የኔ እናት! እንዴት ትጣፍጣለች!»

ያችው ማፊን ናት። ስኳር አልጨመርሁባትም።