ይድረስ ሳይጠሩት አቤት ለሚለው አስጎብኚ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የማላውቃትን አዲስ አበባ ስላስተዋወቁኝ ምስጋና ስለማቅረብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከዋሽንግተን የመጣችውን አክስቴን ይዤ ስድስት ኪሎ አደባባይ የቆምኩት ሰውዬ ነኝ። ገና አፌን ሳልከፍት "ወንድሜ፣ ገንዘብ አልፈልግም፤ ታሪካችንን ስለምወድ ነው" ብለው በመሀላችን ገቡ። እስከ አሥር ሰዓት አልወጡም።

የየካቲት 12ን ሐውልት "ጣልያን ሲወጣ ለማስታወሻ ትቶት የሄደው ነው" አሉ። እኔ ሞኙ፣ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ዘመን ለተጨፈጨፈው የአዲስ አበባ ሕዝብ የቆመ፣ ቀራጮቹም ዩጎዝላቮች ይመስሉኝ ነበር። ዙሪያውን የተቀረጹትን አስከሬኖች እንዳያዩ ይመስለኛል ጀርባዎን ሰጥተውት የተናገሩት።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባን። ኢትኖግራፊ ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ አይደል? ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ለገዛበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ የቆለሉት፣ በኋላ የይሁዳ አንበሳ አናቱ ላይ ጉብ ያለበት። እርስዎ "ጃንሆይ ፈረስ ሲጋልቡ የሚወጡበት መረገጫ ነው" አሉ። የፈረሱን ቁመት ልጠይቅ ስል አክስቴ "ዝም በል፣ ልጁ ይናገር!" ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ። ፈረሱን በሐሳቤ እየለካሁ ዝም አልኩ።

ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ "ዋናው አጥንት ይኸው ነው፤ በእጄ ነክቼዋለሁ፤ አምስት ሺህ ዓመቷ ነው" ብለው ማሉ። ዋናው ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው ብል ማን ሊሰማኝ? ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ላይ ያን ሁሉ ዘመን በምን ሒሳብ እንዳነሱት እንጃ፤ አክስቴ ግን መስታወቱን ልትሳለም ምንም አልቀራትም።

ከሁሉ ያስደመመኝ ቅድስት ሥላሴ ነው። በወረራው ጊዜ እንግሊዝ አገር ጋዜጣ እያሳተመች የተሟገተችልን ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ግቢው ውስጥ ያረፈችው፣ ለካ የጃንሆይ ሞግዚት ኖራለች! እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ነው ጃንሆይ የተወለዱት፤ ሥራውን በጠዋቱ ጀምራዋለች ማለት ነው። ያውም ከለንደን ሆና።

ስንሰነባበት "ገንዘብ አልፈልግም" ያሉት ሰው "ደስ ያላችሁን" አሉ። 200 ብር ሰጠሁዎ። ወደ ፀሐይ አንሥተው፣ ገልበጥ አድርገው፣ ደግመው አዩት። (ታሪኩንም እንዲህ ቢመረምሩት ምን ነበረበት?) አክስቴ 50 ዶላር ጨመረችልዎ። መኪና ውስጥ እንደገባን ፊቷን አዙራ "አንተ ግን እዚህ ተወልደህ ስታድግ ምን ስትሠራ ኖርክ?" አለችኝ።

ትናንት ማታ ደውላ ነበር። የፈረሱን ነገር ለማኅበርተኞቿ አውርታላቸው አምስቱ ለጥምቀት ሊመጡ ቆርጠዋል። እኔን እንዳላስቸግራቸው አደራ ብላ፣ የእርስዎን ስልክ እንድፈልግላት ጠይቃለች።

ከሰላምታ ጋር
እዚሁ ተወልዶ ያደገው እንግዳ

ግልባጭ፦
ለድንቅነሽ (ዋናው ለካዝናዋ፣ ግልባጩ ለግልባጯ)