እርማት፦ ሴል በመርፌ ስለተወጋ ብርሃን አይመለስም

ወንድሜ፣ «ደሴ ያለችውን እናቴን ግላኮማ ጋርዷታል፤ ውጭ ወስጄ ዐይኗን ስቴም ሴል ባስወጋት ታያለች» ያልከው ልክ አይደለም። በመርፌ የተለቀቀ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) የሚይዘው መደብ የለውም፤ ይጓጉላል፣ በቀዳዳው ተመልሶ ይፈሳል፣ ሲብስም ጠባሳ ሠርቶ ሬቲናውን (ብርሃን የሚቀበለውን የዐይን የውስጥ ሽፋን) ጎትቶ ያላቅቃል። በፍሎሪዳ ከራሳቸው ስብ የወጣ ሴል ሁለቱንም ዐይን የተወጉ 3 ሴቶች ብርሃናቸውን ክፉኛ እንዳጡ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል (ያውም ከፍለው!)።

አንዳንድ ተመራማሪዎች የሚሞክሩት ሌላ ነው፦ የሬቲናን ቀለማም ሴሎች 6 በ3 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ የፖሊስተር ገለፈት ላይ በአንድ ረድፍ ያሳድጉና፣ እንደ ችግኝ ከነአፈሩ፣ በቀዶ ሕክምና ከሬቲናው ሥር ያነጥፉታል። የሴሎቹ ፊት ወደ ብርሃን ተቀባዮቹ መዞር አለበት፤ ከተገለበጠ ከንቱ ነው። ይህም ለማኩላ (ለሬቲናው መሃል) መበላሸት እንጂ ለግላኮማ አይደለም። ግላኮማ የሚገድለው የዐይንን ነርቭ ነው። ጠብታዋን እንዳታቋርጥ፣ የዐይኗን ግፊትም በየቀጠሮዋ ትለካ።