«በነፃ» የምትሉት ምግብ በዕዳ የተበላ ነው

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሬዲዮ እሰማ ነበር። ወሬው ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ ነው። አንድ ልጅ ደውሎ የግቢውን ካፌ አማረረ። ሽሮው ውሃ ነው፣ እንጀራው ይኮመጥጣል፣ ሰልፉ ደግሞ ከክላስ ያስቀራል አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የውይይቱ እንግዳ ልጁ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም። «መንግሥት በነፃ ቀልቦ እያስተማራቸው ምስጋና የላቸውም» አለ። አዘጋጁም ወደ ሌላ ደዋይ አለፈ።

እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ቤት ገብቼ ራት ቀርቦልኝም ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። መቀለብ። ከብት ይቀለባል። እስረኛ ይቀለባል። ለገዛ ልጃችን «እየቀለብኩህ ነው» የምንለው በጣም ስንቆጣ፣ ልናዋርደው ስንፈልግ ነው። አንድ የተማረ ሰው ይህን ቃል በአደባባይ በተማሪዎች ላይ ሲጥል ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ቃሉ ብቻ ቢሆን ግን ባለፍኩት። የባሰው ከፊቱ ያለው «በነፃ» የሚለው ነው። ምክንያቱም ሐሰት ነው።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ነፃ ሆኖ አያውቅም። ወጪ መጋራት የሚባል ሕግ አለ። ግቢ ውስጥ ኮስት ሼሪንግ ነው የሚሉት። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ይከፍላል። ግማሹን አይደለም፣ ሙሉውን። ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶው የእሱ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ዕዳውን ሳይጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪውን ልውሰድ ቢል አይሰጡትም፤ በቴምፖ፣ በጊዜያዊ ዲግሪ ማለት ነው፣ የሚንከራተተው። ይህን ሁሉ የግቢ ልጅ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ትምህርት ሊያወራ ሬዲዮ ጣቢያ የተጋበዘ ሰው ግን አያውቅም፣ ወይም እያወቀ ይዋሻል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ሰውየው ብቻውን ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ብቻውን አይደለም። የግቢ ምግብ በተነሳ ቁጥር ይቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። የራሱን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ ሰው እንኳ ሲላት ሰምቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ «በነፃ» ከተባለ በኋላ ክርክሩ ያበቃል። በነፃ የሚበላ ሰው ወጡ ቀጠነ አይልም። በነፃ የሚተኛ ሰው አልጋው ተሰበረ አይልም። አፉን ይዘጋል። ቃሏ የምትጠቅመው ለዚህ ነው። አፍ ለማዘጋት።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለአንድ ተማሪ ለቀን የሚመደበው የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። በ15 ብር ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት! ከዚያ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ገባ። ዜናው ሲሰማ ሁላችንም ደስ አለን፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ መጨመር ነበረበት። ግን ስንቶቻችን ነን ካልኩሌተር ያነሳነው? በዓመት አሥር ወር ግቢ የሚቀመጥ ተማሪ እንውሰድ። 300 ቀን ማለት ነው። በ22 ብር ሲታሰብ የዓመት ምግቡ 6,600 ብር ነበር። በ100 ብር 30,000 ብር ነው። አራት ዓመት ሲማር 120,000 ብር። ይሄ ምግቡ ብቻ ነው። መኝታውን አልጨመርኩም። 15 በመቶውን አልጨመርኩም። ሕክምና የሚማረውን ልጅ ደግሞ ተዉት፣ የእሱ ዓመት ከአራትም ያልፋል።

ደንቡ እንደተጻፈ ከተሠራበት ይህ ገንዘብ በሙሉ በተማሪው ስም ይመዘገባል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ልጅ መነሻ ደመወዙ ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ 11,500 ብር ነው። ቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ምግብ ሳይበላ፣ ለእናቱ ሳይልክ፣ ግብርም ሳይቆረጥበት ቢያስቀምጠው ከአሥር ወር በላይ የሚሠራው ለሽሮው ነው ማለት ነው። ይሄ ነው «ቀለብ» የተባለው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ዕዳ ልጁ መርጦት ነው የገባበት? ኮስት ሼሪንግን የሚከላከሉ ሰዎች የሚሸሿት ጥያቄ ይቺ ናት። አልመረጠም። በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ልጁ ምርጫ ይሞላል፣ ምደባው ሲወጣ የደረሰውን ይይዛል። የጎንደሩ ልጅ አርባ ምንጭ ይደርሰዋል። የአዲስ አበባዋ ልጅ ጅግጅጋ ይደርሳታል። የጅማው ወሎ ይሄዳል። እናቱ በሶና ቆሎ ቋጥራ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታው እያለቀሰች ትመለሳለች። ይህ ልጅ ቤቱ እያደረ፣ የእናቱን ሽሮ እየበላ መማር ይችል ነበር? የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ የተወለደው እንኳ ብዙ ጊዜ አይችልም፤ እሱም ሌላ ቦታ ተመድቧል። ከቤቱ ወስዶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ያራቀው መንግሥት ነው። ዶርም የሚያስፈልገው ስለራቀ ነው። ካፌ የሚበላው ዶርም ስላለ ነው። ታዲያ አርቆ የመደበው አካል «አበላሁህ፣ አስተኛሁህ» ብሎ ሲያበቃ ሒሳቡን ለልጁ ይልካል። እኔ ራሴ ያልገባሁበትን ምግብ ቤት ሰው ጎትቶ አስገብቶኝ ሒሳቡን ክፈል ቢለኝ እጣላለሁ። ጎትቶ አስገብቶ፣ አስከፍሎ፣ ከዚያ «አመስግነኝ» ቢለኝ ደግሞ ምን እንደምል አላውቅም።

በመኖሪያው አካባቢ የመማር ዕድል ያለው ልጅ ቢኖርና ራቅ ያለ ግቢ ቢመርጥ፣ የምርጫውን ዋጋ ይክፈል ብትሉኝ እስማማለሁ። አሁን ያለው ግን ይህ አይደለም።

ደግሞ እነማን ናቸው እነዚህ ልጆች? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 48,929 ናቸው፣ 8.4 በመቶ። ውጤት ሲገለጽ የአገር ተስፋ ይባላሉ። ከፍተኛ ያመጡት ይሸለማሉ። በሁለት ወራቸው ካፌ በር ላይ ሚል ካርድ፣ የምግብ መታወቂያቸውን፣ ይዘው ሲሰለፉ ግን ተመጽዋች ሆነው ይቆጠራሉ። በዚያች ሁለት ወር ውስጥ ምን ተለወጠ?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ፍሬሽ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ደብዳቤ ሳይሆን ፎቶ ነው የሚልክልኝ። አንድ ቀን የምሳውን ሳህን አንስቶ ላከ። ብረት ሳህን ነው፣ ክፍልፋይ ያለው። በአንደኛው ክፍል ሁለት እንጀራ ተጠቅልሏል። በሌላኛው ምስር ወጥ አለ። ወጡ ቀጥኖ የሳህኑ ታች ይታያል። ምስሮቹን መቁጠር ይቻላል። ፎቶውን አስፍቼ ቆጠርኳቸውም። ደወልኩለት።

«ኮስት ሼሪንግ ፈርመሃል?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ፣ ሬጅስትሬሽን ቀን ነው የፈረምነው።»

«ስንት ብር ይላል?»

«አላየሁትም። ሰልፉ ረጅም ነበር። እዚህ ጋ ፈርሙ አሉን፣ ፈረምን።»

«ኮፒውስ?»

«ኮፒ አልሰጡንም።»

የ18 ዓመት ልጅ ነው። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ውል የፈረመው ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው እየተገፋ፣ በሰው ጀርባ ላይ ወረቀት አስደግፎ ነው። የዕዳውን መጠን አያውቅም። ኮፒ የለውም። የገዛውን ምግብ ጥራት መጠየቅ አይችልም፣ ከጠየቀ በነፃ እየበላህ ይባላል። ባንክ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ብድር የሚሰጥ ሠራተኛ ብታገኙ ትከሱታላችሁ።

በእኔም ደርሷል። እኔ ስማር ዕዳው ትንሽ ነበር። ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ከደመወዜ ቆረጠ። በየወሩ ፔይሮል ላይ አየዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ኦሪጅናል ስጠየቅ ክሊራንስ፣ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ ልወስድ ሄድኩ። ሴትየዋ በመስኮቱ በኩል ስሜን ጠየቀችኝ። ትልቅ መዝገብ ገልጣ በጣቷ ወደታች ወረደች። ገጽ ገለበጠች፣ እንደገና ወረደች። «ወንድሜ፣ በዚህ ስም የገባ ነገር የለም» አለችኝ። ከደመወዜ የተቆረጠው ገንዘብ የት እንደገባ ለማስረዳት አምስት ወር ተመላለስኩ። የቆረጠው መሥሪያ ቤት ልኬያለሁ ይላል፣ ተቀባዩ አልደረሰኝም ይላል። በመሃል ሥራው አመለጠኝ። ለበላሁት ሽሮ ሁለት ጊዜ ልከፍል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ «በነፃ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ አልደብቅም።

ካፌውን ያልወደደ ኖን ካፌ ይሁን የሚሉም አሉ። ኖን ካፌ ማለት ያችኑ የቀን በጀት በጥሬ ገንዘብ መውሰድ ነው። በዚህ ኑሮ በ100 ብር ሦስት ጊዜ የሚበላበት ቤት የት እንዳለ ይንገሩን፣ ልጆቹን እዚያ እንልካለን። ኖን ካፌ የሚሆነው ቤተሰቡ የሚጨምርለት ነው። የገበሬው ልጅ ወደደም ጠላም ካፌ ነው።

ተማሪዎች ዳቦ ይወረውራሉ፣ ምግብ ያባክናሉ የሚለውን እቀበላለሁ። አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ግን የሚባክነውም የሚመዘገበው በእነሱው ስም ነው።

የመውጫ ፈተናውን ደግሞ አስቡት። ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም። አራት ዓመት የተማረ ልጅ በአንድ ቀን ፈተና ሊወድቅ ይችላል። ጥራት ለማስጠበቅ ነው ተብሏል፣ ይሁን። የፈረመው ወረቀት ግን አብሮት አይወድቅም። ዲግሪ የሌለው፣ በዲግሪ የሚያስቀጥር ሥራ የሌለው፣ ዕዳው ግን ያለ ወጣት እያፈራን ነው። ለዚህ ልጅ ማን ነው ቀለብኩህ የሚለው?

እኔ ወጪ መጋራት ይቅር እያልኩ አይደለም። አገሪቱ ደሃ ናት፣ ሁሉንም በነፃ አስተምሪ አልላትም። የምለው፣ የሚከፍል ሰው እንደሚከፍል ሰው ይቆጠር ነው። በየዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ይህን ያህል በስምህ ተመዝግቧል የሚል ወረቀት ይሰጠው። ምግቡን የሚያቀርበው ነጋዴ በጨረታ ሲያሸንፍ በስንት እንዳሸነፈ ካፌው በር ላይ ይለጠፍ። በርበሬው፣ ምስሩ፣ ዘይቱ በስንት እንደተገዛ ልጆቹ ያንብቡት። የተማሪዎች ኅብረት መርካቶ ሄዶ ዋጋውን ያመሳክር። ገንዘቡ የእነሱ ነው። 100 ብሩ በሙሉ ሳህኑ ላይ ከደረሰ ማንም የሚፈራው ነገር የለም። ይህን ጥያቄ ለማንሳት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፣ አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳና አንድ ፕሪንተር ይበቃል። እስካሁን ያልተደረገው ስለሚከብድ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው የለም።

የሬዲዮው እንግዳም ወደዚያው ጣቢያ ተመልሶ ያንን ልጅ ይቅርታ ይጠይቀው። ልጁ የደወለው የራሱን ገንዘብ ሊጠይቅ ነበር።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ይፈርማል። ወረቀቱን ሲሰጡህ ከሰልፉ ወጣ በልና ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ቁጥሩን በስልክህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ ብዬዋለሁ። «ጋሼ፣ ሰልፉ ያልፈኛል እኮ» አለኝ። ይለፍህ አልኩት።